ሩብ እንጀራ እየቆጠሩ፦ ስፖርትና የራት ግብዣ በአንድ ቀን ሲገናኙ

ጠዋት ሩጫ፣ ማታ ግብዣ። እንዲህ ባለ ቀን ብዙ ሰው የሚያደርገው ነገር የታወቀ ነው። ሮጦ ይመጣል፣ ቁርሱን በሻይ ያልፈዋል፣ ምሳ ላይ «ማታ እበላ የለ» ብሎ ሰላጣ ይቀማምሳል። ማታ 1:30 ላይ ገና ወጡ ሳይቀርብ ዳቦውን መግመጥ ይጀምራል፤ ሆዱ መሙላቱን የሚያውቀው ሦስተኛው ጥቅል እንጀራ ካለቀ በኋላ ነው። በማግስቱ ጥፋቱ ሁሉ በግብዣው ይላከካል። ነገሩ የተበላሸው ግን ከጠዋቱ 1 ሰዓት ጀምሮ ነበር፤ ጡንቻው ያቃጠለውን ስኳር ለመተካት አፉን ከፍቶ በሚጠብቅበት ሰዓት ምንም አላገኘም፣ ለመኝታ ሁለት ሰዓት ሲቀረው ደግሞ የቀኑ ምግብ በአንዴ ወረደበት።

እንጀራ መተውም ግብዣ መቅረትም አያስፈልግም። የቀኑን ካርቦሃይድሬት ቆጥሮ አብዛኛውን በስፖርቱ ዙሪያ ማዋል፣ የማታውን ድርሻ ከጠዋቱ ለይቶ ማስቀረት ይበቃል። ለመቁጠር ደግሞ መለኪያ ያስፈልጋል።

መለኪያው ሩብ እንጀራ ነው

በግራም መቁጠር ትክክለኛው መንገድ ነው፤ ነገር ግን መሶብ ዙሪያ ሚዛን ይዞ የሚቀመጥ ሰው የለም። ስለዚህ ከአንድ ሙሉ እንጀራ ሩቡን እንደ አንድ እንያዝ። አንድ ሩብ በግምት 25 ግራም ካርቦሃይድሬት ነው።

ግምቱን ከራስዎ ምጣድ ጋር ማስማማት ቀላል ነው። መቶ ግራም የጤፍ ዱቄት 73 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት አለው፤ በኪሎ 730 ግራም ማለት ነው። አንድ ኪሎ ዱቄት ተቦክቶ፣ አብሲቱ ገብቶ፣ ተጋግሮ ሲያልቅ ስንት እንጀራ እንደወጣ ይቁጠሩ። ሰባት ከወጣ አንዱ 104 ግራም ይይዛል፤ ሩቡ 26 ነው። አምስት ብቻ ከወጣ ግን እንጀራው ወፍራም ነው፤ ሩቡ 36 ግራም ይደርሳል፤ ያኔ ሩብ ብለው የሚያነሡት አንድ ተኩል ሩብ እየሆነ ነው። ሊጡ ሲቦካ እርሾው የሚበላው፣ ከላይ ከሚቀዳው ውሃ ጋርም የሚሄደው ትንሽ አለ፤ ለዚህ ሥራ የሚያሳስብ መጠን አይደለም።

እንጀራ ገዝተው የሚበሉ ከሆነ አንዱን አንድ ጊዜ ብቻ ይመዝኑ። የጤፍ እንጀራ ከግማሽ በላዩ ውሃ ነው፤ በመቶ ግራም 30 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት ብሎ መያዝ ይቻላል። 340 ግራም የሚመዝነው እንጀራ ሩቡ 25፣ 400 ግራም የሚመዝነው 30 ይሆናል። ከሱቅ የሚገዛው ብዙ ጊዜ ሩዝ ወይም ሌላ እህል የተቀላቀለበት ነው። የካርቦሃይድሬቱ መጠን ብዙም አይለወጥም፤ አሰሩ (ፋይበሩ) ግን ይቀንሳል፣ ቶሎም ያስርባል። አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁ የምትገዙት እንጀራ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከምጣዱ እንጀራ ያነሰ፣ ገብስ ወይም ስንዴ የገባበት ስለሆነ ከሽፋኑ ላይ የተጻፈውን ግራም አይታችሁ ለ25 አካፍሉት።

ሌላው ምግብም በዚሁ ሩብ ይቆጠራል። አንድ መካከለኛ ሙዝ አንድ ሩብ ነው። መቶ ግራም የሚመዝን ዳቦ ሁለት ሩብ ነው። እንቁላል የሚያካክሉ ሁለት ሦስት የተቀቀሉ ድንቾች አንድ ሩብ ናቸው። የተቀቀለ ፓስታም ሆነ ሩዝ 90 ግራም ገደማ ሲሆን አንድ ሩብ ነው፤ አንድ ስኒ ሙሉ አንድ ተኩል ያልፋል። ሞላ ያለ እፍኝ ቆሎ፣ አራት ተራ ቴምር፣ አንድ ተኩል የሾርባ ማንኪያ ማር፣ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ 35 ግራም በሶ፣ ሳይበስል የተመዘነ 35 ግራም ቂንጬ፤ እያንዳንዳቸው አንድ ሩብ ናቸው። አንድ ጭልፋ ሽሮ ወይም ምስር ግማሽ ሩብ ይያዝ። ሥጋ፣ እንቁላል፣ አይብና ጎመን ከዚህ ቆጠራ ውጭ ናቸው።

በቀን ስንት ሩብ?

ለስፖርተኛ የሚመከረው የካርቦሃይድሬት መጠን በክብደት የሚሰላ ነው፤ ቀላል ቀን ላይ በኪሎ ከ3 እስከ 5 ግራም፣ አንድ ሰዓት ያህል ጠንከር ያለ ስፖርት ሲኖር ከ5 እስከ 7፣ ከዚያ በላይ ሲሆን እስከ 10። ወደ ሩብ ሲመለስ ሒሳቡ አጭር ይሆናል። ስፖርት በሌለበት ቀን ክብደትዎን ለ7 ያካፍሉ። የአንድ ሰዓት ሩጫ ወይም ጂም ባለበት ቀን ለ5 ያካፍሉ። አንድ ሰዓት ተኩልና ሁለት ሰዓት በሚሮጡበት ቀን ለ3.5 ያካፍሉ። 65 ኪሎ የሚመዝን ሰው በቅደም ተከተል 9፣ 13 እና 18 ተኩል ያህል ሩብ ይደርሰዋል። ክብደቱ ከቁመቱ በጣም የበለጠ ሰው ግን የሚያሰላው አሁን ባለበት ክብደት ሳይሆን ሊደርስበት በሚፈልገው ክብደት ነው፤ አለዚያ ቁጥሩ ይጋነናል። ግማሽ ሰዓት ሶምሶማ የስፖርት ቀን አይደለም። ለ7 ይካፈል።

ፕሮቲኑ በየማዕዱ ይከፋፈል፤ በአንድ ጊዜ ከ20 እስከ 25 ግራም ይበቃል። አንድ እንቁላል 6 ግራም፣ አንድ ብርጭቆ ወተት 8፣ መቶ ግራም የበሰለ ቀይ ሥጋ 25 ገደማ፣ አንድ ስኒ ወፍራም ምስር 18 ግራም ያህል አለው። ቀኑን ሙሉ በሻይና በዳቦ ውሎ ማታ ግማሽ ኪሎ ጥብስ መብላት ይህን አይተካም።

ከስፖርቱ በፊትና በኋላ

በፊት የሚበላው በሰዓቱ ይወሰናል። ከ3 እስከ 4 ሰዓት ካለዎት ሙሉ ምሳ፣ ሽሮም ቢሆን፣ ችግር የለውም። አንድ ሰዓት ሲቀር ግን ከአንድ እስከ ሁለት ሩብ፣ ያውም ቅባትና አሰር የሌለው ይሁን፤ ሙዝ፣ ነጭ ዳቦ በማር፣ ወይም 50 ግራም በሶ በ300 ሚሊ ሊትር ውሃ ተበጥብጦ ከአንድ የሾርባ ማንኪያ ማር ጋር፤ ይህ በትክክል ሁለት ሩብ ነው። በሶ ሆዱን የሚነፋው ሰው ሙዙ ላይ ይቆይ። ቅቤና ዘይት ምግቡን ጨጓራ ውስጥ ያቆዩታል፤ ሽሮና ባቄላ አንጀት ውስጥ አየር ይፈጥራሉ፤ በርበሬው ደግሞ ሩጫው ሲያነጥርዎ ቃር ሆኖ ይመለሳል። ፍርፍር በልቶ ከ40 ደቂቃ በኋላ የወጣ ሰው ጎኑን የሚወጋው በዚህ ነው።

ሌላው ስሕተት ሩጫው 40 ደቂቃ ሲቀረው ለስላሳ መጠጣት ነው። የደም ስኳር የሚያወርደው ኢንሱሊን ሲወጣና ጡንቻው መሥራት ሲጀምር ይገጥሙና አንዳንዱን ሰው ገና በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ጉልበት ይከዳዋል። እንዲህ የሚሆን ሰው ወይ ቀደም አድርጎ ይውሰድ፣ ወይ ሰውነቱን ካሟሟቀ በኋላ ይጠጣ።

ከአንድ ሰዓት በታች ለሆነ ስፖርት በመሃል ከውሃ ሌላ ምንም አያስፈልግም። ኅዳር ላይ አዲስ አበባ ለሚካሄደው የ10 ኪሎ ሜትር ታላቁ ሩጫ ዋዜማውን ሁለት ሳህን ፓስታ የሚጭን ሰው አለ፤ ለ10 ኪሎ ሜትር በደህና የሚበላ ሰው ጡንቻና ጉበት ውስጥ ያለው ስንቅ ይተርፋል። ስንቅ መሙላት ትርጉም የሚኖረው ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ለሚፈጅ ውድድር ነው።

ከዚያ ያለፈ ሩጫ ግን በሰዓት ከ30 እስከ 60 ግራም፣ ማለትም ከአንድ እስከ ሁለት ሩብ ይጠይቃል። ቤት ውስጥ የሚሠራ መጠጥ አለ፤ በግማሽ ሊትር ውሃ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ማርና በሁለት ጣት የተቆነጠረ ጨው። ይህ ወደ 7 በመቶ ጣፋጭ ነው፤ ጨጓራ በቀላሉ የሚያሳልፈው ከ6 እስከ 8 በመቶውን ነው። ማሩን እጥፍ የሚያደርግ ሰው መንገድ ላይ ቁጥቋጦ ሲፈልግ ይገኛል። ማኘክ ለሚሻለው የበሶ ጭብጦ አለ፦ 100 ግራም በሶ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር፣ ቁንጥር ጨው፣ ለመጨበጥ የሚበቃ ውሃ፤ በአራት ጭብጦ ሲከፈል አንዱ ጭብጦ ከሞላ ጎደል አንድ ሩብ ነው። ያለ ውሃ አይወርድም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በውድድር ቀን አይሞከርም።

ከጨረሱ በኋላ ባለው አንድ ሰዓት ውስጥ ሦስት ሩብ ከ20 ግራም ፕሮቲን ጋር ይብሉ። የሚቀጥለው ስፖርት ነገ ከሆነ ደቂቃ ማሳደድ አያስፈልግም። ለግብዣ ቀን ግን ይህ ምግብ የቀኑ ቁልፍ ነው፤ የማታውን ረሃብ የሚሰብረው እሱ ነው።

ሦስት ዓይነት ቀን

ሩጫው ጠዋት፣ ግብዣው ማታ። 65 ኪሎ የሚመዝን ሰው 13 ሩብ አለው። ንጋት 11:30 ላይ አንድ ሙዝ፤ 1። ከ12 እስከ 1 ሰዓት ሩጫ። ከ1:45 በፊት ከ70 ግራም የተሠራ ቂንጬ፣ ሁለት እንቁላል፣ አንድ ብርጭቆ ወተት፣ አንድ ትንሽ ፍራፍሬ፤ 3። ረፋድ 4:30 ላይ እፍኝ ቆሎ፤ 1። ምሳ 6:30 ላይ ሦስት ሩብ እንጀራ፣ ሁለት ጭልፋ ምስር፣ ጎመን እንደልብ፤ 4። ከሰዓት በኋላ 10:30 ላይ እንቁላል ወይም እርጎ ከአንድ ሙዝ ጋር፤ 1። ለማታ 3 ይቀራል። ሁለቱ ለእንጀራ፣ አንዱ ለወጡ፣ ለመጠጡና ለማይቀረው ጉርሻ። የ10:30ዋን መክሰስ ብዙ ሰው ይዘላታል። «1:30 ይምጡ» የተባለ ራት ግን 2:30 ሊቀርብ እንደሚችል ሁላችንም እናውቃለን፤ ከምሳ እስከዚያ ስምንት ሰዓት ነው።

ጂሙ ከሥራ በኋላ፣ ግብዣው ወዲያው። ከ11:30 እስከ 12:30 ስፖርት ሠርቶ 1:30 ላይ ለሚቀመጥ ሰው ሒሳቡ ይገለበጣል፤ የማታው ራት ራሱ የማገገሚያ ምግብ ነውና ሰፊ ድርሻ ይገባዋል። ቁርስ 3፣ ምሳ 3፣ 10 ሰዓት ላይ የማር በሶው 2፣ ራት 5። እዚህ የሚበላሸው ሌላ ነገር ነው፤ ከጂም የወጣ ሰው ውሃ ጠምቶት ይደርስና ጥሙን በድራፍት ያረካል። ከመግባትዎ በፊት ግማሽ ሊትር ውሃ ይጠጡ። መንገዱ ከረዘመ አንድ ብርጭቆ ወተት ወይም ሁለት ቅቅል እንቁላል ቢቀድም እጅ ታጥቦ እስኪቀመጡ ያስችላል።

ማታ ሠርግ፣ ጠዋት ረጅም ሩጫ። ቅዳሜ ተሠርጎ እሑድ ለሁለት ሰዓት ያህል የሚሮጥ ሰው ጭነቱን በቅዳሜ ምሳ ያድርገው፤ ሠርጉ ላይ ብዙ ማግኘት የለበትም። ከቀረበው ውስጥ ሩዙን፣ ዳቦውን፣ አልጫውን ይምረጥ። ክትፎና ጥሬ ሥጋ ለሌላ ቀን ይቆዩ፤ ቅቤው እስከ ንጋት ሆድ ውስጥ ይከብዳል፣ ጥሬው ሥጋ ደግሞ ሆድ ቢያበላሽ ሩጫው ቀረ ማለት ነው። ማታ 2 ሰዓት ላይ መብላቱን ያቁምና ንጋት ላይ ሁለት ሩብ ይጨምር።

ማዕዱ ላይ

መጀመሪያ ጥቅሉን ይግለጡ። አንዱ ቤት እንጀራን ለሁለት ቆርጦ ይጠቀልላል፣ ሌላው ለሦስት፣ ሌላው ለአራት፤ ሲጠቀለል ሁሉም አንድ ይመስላል። «ሁለት ጥቅል ብቻ ነው የበላሁት» የሚል ሰው ሁለት ሩብም አራት ሩብም በልቶ ሊሆን ይችላል። አንዱን ከፈት አድርጎ ጠርዙን ማየት በቂ ነው፤ ክብ ጠርዙ የሙሉውን ግማሽ ከሆነ ሁለት ሩብ ይያዙት።

ቀጥሎ ትሪው ላይ የተነጠፈው አለ። ወጡ የፈሰሰበት የታችኛው እንጀራ ስለሚጣፍጥ ሁሉም መጨረሻ ላይ እሱን ይቆርሳል፤ ማንም ግን አይቆጥረውም። ለአራት ሰው ሁለት እንጀራ ከተነጠፈ በነፍስ ወከፍ ሁለት ሩብ ነው፤ የማታው ኮታ በሙሉ ማለት ነው። ስለዚህ ወይ ጥቅሉን ይተዉና የተነጠፈውን ይብሉ፣ ወይ ተቃራኒውን። ሁለቱን የሚበላ ሰው ነው የሚሸነፈው።

ፍርፍርና ፍትፍት ከሁሉ ይበልጥ ያታልላሉ። እንጀራ ሲርስ ይጠባል፤ አንድ ሙሉ እንጀራ የገባበት ፍርፍር ሳህን ላይ ትንሽ ጉብታ ነው። በእንጀራ ሲበላ ደግሞ ካርቦሃይድሬት በካርቦሃይድሬት እየተጠቀለለ ነው። ፍርፍር ካለ በሹካ ይብሉት፤ ጥቅሉን ይተዉት።

ከአትክልቱና ከፕሮቲኑ ጀምሮ እንጀራውን ወይም ዳቦውን ማስከተል የደም ስኳር በፍጥነት እንዳያሻቅብ ያደርጋል። በእንጀራ ማዕድ ይህ ያስቸግራል፤ እንጀራው ራሱ ማንኪያ ነውና። ግን ሰላጣው፣ ጎመኑ፣ አይቡ፣ ደረቅ ጥብሱ በሹካ ይነሣሉ። የመጀመሪያዎቹን አምስት ደቂቃ በእነሱ ካሳለፉ ከዚያ በኋላ እንጀራው የሚቆረሰው በርጋታ ነው። ቁራሹንም ያሳንሱት፤ ሦስት ጣት ስፋት ያለው ቁራሽ አንድ የሥጋ ቁርጥ ይይዛል፤ መዳፍ የሚያክለውም የሚይዘው ያችኑ አንድ ቁርጥ ነው።

ጉርሻን እምቢ ማለት አይሞከር። ደህና ጉርሻ 28 ግራም ያህል እንጀራ ይይዛል፤ ሦስት ጉርሻ አንድ ሩብ ነው። «አንድ ጉርሻ ያጣላል፣ ሁለት ያፋቅራል» ስለሚባል ሁለት እንደሚመጣ አስቀድመው ይያዙ፤ በዕድሜ የሚበልጡዎት አጠገብ ከተቀመጡ ደግሞ ለሦስተኛውም ቦታ ይተዉ። «በሞቴ» የሚመጣው ፊትዎ ያለው ቦታ ሲጸዳ ነው። ጨርሶ የተቀመጠ ሰው ይጨመርለታል፤ እየበላ ያለ ሰው ግን ብዙ ጊዜ ይተዋል። ስለዚህ የመጨረሻዋን ግማሽ ጥቅል እያዘገሙ ያቆዩዋት። «እትዬ፣ እጅዎ ይባረክ፣ ይቺን ልጨርስና» ማለት «በቃኝ» ከማለት ይሻላል፤ «በቃኝ»ን ሰሚ የለውም።

ከራት በኋላ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ መራመድ የደም ስኳርን ዝቅ ያደርጋል። ሽኝት ያለበት አገር ስለሆነ ይህ አይከብድም፤ እስከ ታክሲው ድረስ በእግር ይሂዱ።

መጠጡና ቡናው

አንድ ጠርሙስ 300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ ከ30 ግራም በላይ ስኳር አለው፤ አንድ ሩብ ከነትርፉ። ብርዝ አልኮል የለውም ተብሎ እንደ ውሃ ይጠጣል፤ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ማር የገባበት አንድ ብርሌ ግን ከለስላሳው አይተናነስም። የጠርሙስ ቢራ ሁለቱ አንድ ሩብ ያህል ነው። የአልኮሉ ጉዳት ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ ጉበት እሱን ሲያስወግድ ስኳር ማምረቱን ያዘገያል፣ እንቅልፍ ይቆራርጣል፣ የጠዋቱን ሩጫ ያበላሻል። አምቦ ውሃ በሎሚ ብርጭቆ እጅ ላይ ያቆያል፤ ብርጭቆው ባዶ ያልሆነ ሰው አይቀዳለትም።

ቡናው ራሱን የቻለ ማዕድ ነው። ከአቦል እስከ በረካ በየሲኒው ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር ከሆነ 24 ግራም፣ አንድ ሩብ ማለት ነው። ቁርሱ ሲጨመር፣ አንድ እፍኝ ቆሎና አንድ ቁራጭ ድፎ ዳቦ፣ ከሦስት ሩብ አያንስም። ከራት በኋላ ቡና እንደሚፈላ ካወቁ እንጀራውን አንድ ሩብ ይቀንሱና ከቁርሱ አንዱን ብቻ ይምረጡ። እንቅልፍ የሚነሳው ሰው አቦሏን ቀምሶ ይብቃው።

የጾም ቀን

ረቡዕና ዓርብ እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ጠንካራውን ስፖርት ወደ ሌላ ቀን ያዛውረው፤ ካልሆነለት ሁለት ቦታ አለ። አንዱ ከ8 እስከ 9 ሰዓት ነው፤ ቀለል ያለ ከ40 ደቂቃ ያልበለጠ፣ ጨርሶ ወዲያው የሚፈታበት። ሌላው ከፈታ ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው። ሲፈታ በሁለት ሩብ ይጀምር፣ ሙሉውን ምግብ ከስፖርቱ በኋላ ያድርገው። ፕሮቲኑን ሽሮ ብቻውን አይሞላውም፤ ከ50 ግራም የሽሮ ዱቄት የሚገኘው 10 ግራም ያህል ነው። ምስር፣ ክክና የሱፍ ፍትፍት አብረው ይቅረቡ፤ የጾም በያይነት ለዚህ የተመቸ ነው። በረመዳን ወር ተመሳሳይ ነው፤ ከኢፍጣር በፊት ቀላል እንቅስቃሴ፣ ወይም ሦስት ቴምርና ሾርባ ቀምሰው ከሁለት ሰዓት በኋላ።

ከ55 ቀን ዐቢይ ጾም በኋላ በፋሲካ ሌሊት ዶሮ ወጥና ክትፎ በአንድ ጊዜ መውረድ የለባቸውም። ሆዱ ከቅቤ ጋር ሁለት ወር ገደማ ተለያይቷል። የመጀመሪያው ቀን አንድ ዓይነት ወጥ፣ ትንሽ ቅቤ፤ ሩጫው ደግሞ ከሁለት ቀን በኋላ ይሁን።

ኢንሱሊን ወይም የስኳር ኪኒን ለሚወስዱ

ከላይ ያለው የሩብ ቁጥር የስኳር በሽታ ላለበት ሰው እንዳለ አይሠራም፤ የእርስዎን ድርሻ ከሐኪምዎ ጋር ይወስኑ፤ ጾሙንም እንዲሁ። ጥንቃቄው የሚበረታው ኢንሱሊን ወይም እንደ ግሊበንክላማይድ ያለ ኪኒን ለሚወስዱ ነው፤ ሜትፎርሚን ብቻውን ስኳርን ከልክ በታች የሚያወርደው አልፎ አልፎ ነው። ከስፖርት በፊት ይለኩ። ከ90 (ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር) በታች ከሆነ ከ15 እስከ 30 ግራም ካርቦሃይድሬት ወስደው ይጀምሩ። ከ250 በላይ ሆኖ ኪቶን (ኢንሱሊን ሲያንስ ሰውነት ስብ ሲያቃጥል የሚፈጠር አሲድ) ካለ ወይም ሕመም ከተሰማዎት አይሥሩ። እጅ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ግራ መጋባት ሲመጣ ወይም ልኬቱ ከ70 በታች ሲሆን አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ ወይም ግማሽ ጠርሙስ ለስላሳ ይጠጡ፤ ዳይት የተባለውን አይደለም። ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለኩ፣ ካልተነሣ ይድገሙት።

ግብዣ ላይ ሁለት አደጋ አለ። አንዱ ቤት ተወግቶ መጥቶ ራቱ ሲዘገይ ነው፤ የምግብ ሰዓቱን ኢንሱሊን ወጡ እየወጣ መሆኑን ሳያረጋግጡ አይወጉት። ሌላው ከሰዓት በኋላ ስፖርት ሠርቶ ማታ መጠጣት ነው፤ ጡንቻው ስኳር እየሳበ ጉበቱ ደግሞ በአልኮሉ ተይዞ ሌሊት ላይ ስኳሩ ይወርዳል፤ የተኛ ሰው ምልክቱን አያውቀውም። ከመተኛትዎ በፊት ይለኩ፤ አጠገብዎ ለሚያድረው ሰውም ይንገሩ።

በማግስቱ

ጠዋት ሚዛን ላይ ሲወጡ አንድ ወይም ሁለት ኪሎ ጨምሮ ያገኙታል። ስብ አይደለም፤ ከሞላ ጎደል ውሃ ነው። ጡንቻ የሚያስቀምጠው እያንዳንዱ ግራም ስኳር ሦስት ግራም ያህል ውሃ ይዞ ይቀመጣል፤ የወጡ ጨውም የራሱን ውሃ ይይዛል፤ ምግቡም ገና ከሆድ አልወጣም። ደንግጦ ቁርስና ምሳ የሚተው ሰው ማታ እንደገና ይከፍላል። ቁርስ በሰዓቱ ይብሉ፣ ክብደትዎን ለ7 አካፍለው በዚያ ይዋሉ፣ ውሃ ይጠጡ።

ስፖርቱን መቅጫ አያድርጉት፤ ይልቅ ይጠቀሙበት። ግብዣው በቅባትና በመጠጥ ካልበዛ በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ጡንቻው ሞልቷል፤ የሳምንቱን ረጅም ወይም ፈጣን ሩጫ እዚያ ማስገባት ያዋጣል። በዓሉን ሲያቅዱ ከባዱን ሩጫ ከግብዣው በፊት ከማድረግ በኋላ ማድረግ የሚሻልበት ጊዜ ብዙ ነው። ጠጥተው ካመሹ ግን ጠዋት ቀስ ያለ 30 ደቂቃ ብቻ፤ ፈጣኑ ለተከታዩ ቀን። የእሑድ ግብዣ ከሆነ ሚዛኑ ላይ ሐሙስ ይውጡ።